ከመጠን በላይ እየጋለ ስለሚጠፋ የጋዝ ምድጃ

በሰሜን አሜሪካ፥ ይልቁንም ሚኒሶታ በሚባለው ግዛት፥ ክረምት ማለት ዝናም አይደለም፤ ውርጭና በረዶ ነው። በታኅሣሥና በጥር ወር ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስበት፥ ከዚያም የሚያልፍበት ሌሊት አለ። ስለዚህ በዚያ አገር ምድጃው አንድ ሌሊት ቢጠፋ በቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ኾኖ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል፤ ሕፃናትና ሽማግሌዎችም ይጐዳሉ። በሚኒሶታ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፥ እዚያ ዘመድ ያለው ተማሪ የዚህን ምድጃ ነገር ሳይሰማ አይቀርም።

በኢትዮጵያ ገበያ ጋዝ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ለኩራዝና ለፋኖስ የሚኾነውን ላምባ ነው። ይህኛው ግን ፈሳሽ አይደለም፤ ከምድር ጥልቅ የሚወጣ፥ እንደ አየር የማይጨበጥ ነገር ነው፤ በመንገድ ሥር በተቀበረ ቧንቧም እስከ ቤት ድረስ ይመጣል። በባሕርዩ ሽታ የለውም። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1937 ዓመት በቴክሳስ ግዛት፥ ኒው ለንደን በተባለ ቦታ፥ ከአንድ ትምህርት ቤት ወለል በታች ጋዝ ማንም ሳያውቀው ተጠራቅሞ ፈነዳና ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና አስተማሪዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ የቴክሳስ ሕግ በጋዝ ላይ ሽታ እንዲጨመር አዘዘ፤ ልማዱም በሌላው ግዛት ተስፋፋ። ስለዚህ ዛሬ የፈሰሰ ጋዝ እንደ ገማ እንቍላል ይሸታል። ይህ ሽታ በተሰማ ጊዜ ምድጃ መመርመር አይገባም፤ መብራት ሳያበሩና ሳያጠፉ ኹሉም ከቤት ወጥተው፥ ከሩቅ ኾነው ለጋዝ ኩባንያው ማስታወቅ ነው።

የምድጃው ሥራ እንዲህ ነው። በግድግዳ የተሰቀለው ቴርሞስታት ቤቱ መቀዝቀዙን ሲለይ በኤሌክትሪክ ሽቦ ለምድጃው ያስታውቃል። መዠመሪያ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ዞራ የጭሱን መንገድ ትጠርጋለች፤ ቀጥሎ መለኰሻው ይግላል፤ ጋዙ ይከፈታል፤ እሳቱም ይያያዛል። እሳቱ የሚነደው በተዘጋ የብረት ክፍል ውስጥ ሲኾን ጭሱ በጭስ ማውጫ ወደ ውጭ ይሄዳል። ጥቂት ቈይቶ ትልቁ ማራገቢያ ይነሣና የቤቱን አየር ስቦ በጋለው ብረት በስተውጭ ያሳልፈዋል። አየሩ ሞቆ በቈርቈሮ ቦይ ወደየክፍሉ ይሄዳል፤ ከቀዘቀዘም በኋላ በሌላ ቦይ ይመለሳል። አሊስ ፓርከር የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት በ1919 ዓመት በጋዝ የሚነድና አየሩን እንዲሁ በቦይ ወደየክፍሉ የሚያደርስ ማሞቂያ አስባ የፈጠራ መብት ተቀብላለች።

እንግዲህ በምድጃው ውስጥ ኹለት ዐይነት አየር አለ፤ አንዱ የእሳቱ ጭስ ነው፤ ኹለተኛው ሰዎች የሚተነፍሱት ነው። በመካከላቸው ያለው ግን አንድ ስስ ብረት ብቻ ነው።

ይህን ብረት ከመቃጠል የሚጠብቅ አንድ ትንሽ መሣሪያ በአጠገቡ ተተክሏል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ኹለት ዐይነት ብረት ተጣብቆ እንደ ቅጠል ከሳሳ ነገር ነው። ብረት ኹሉ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ነገር ግን መለጠጡ እኩል አይደለም። አንደኛው ከባልንጀራው ይልቅ ስለሚለጠጥ ቅጠሉ ይጐብጥና የኤሌክትሪኩን መንገድ ይቈርጣል። ይህ የሚኾንበት ሙቀት እንደ ምድጃው ዐይነት ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ነው። ኤሌክትሪኩ ሲቈረጥ ጋዙ ይዘጋል፥ እሳቱ ይጠፋል፤ ትልቁ ማራገቢያ ግን ብረቱን ለማብረድ መዞሩን ይቀጥላል። ቅጠሉ ሲቀዘቅዝ ይቃናል፤ እሳቱም እንደ ገና ይነሣል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይጠፋል። ይህ ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ ምድጃው ራሱን ቈልፎ ለረዥም ጊዜ ዝም ይላል።

የቤቱ ባለቤት የሚያየው ይህን ብቻ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ሞቃት አየር ይመጣል፥ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ይመጣል፥ ቤቱም አይሞቅም። ስለዚህ ምድጃው ደከመ ይላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቤቱ የበረደው ምድጃው ከመጠን በላይ ስለ ጋለ ነው።

ስለምን ጋለ? ጀበና ውሃ ሳለበት በእሳት ላይ ቢውል አይሰነጠቅም፤ ውሃው ካለቀ ግን ይሰነጠቃል። እሳቱ አልተጨመረም፤ ሙቀቱን የሚቀበለው ውሃ ነው የጐደለው። የጋዝ ምድጃም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጐድለው አየሩ ስለ ኾነ ምርመራው ከእሳቱ ሳይኾን ከአየሩ መዠመር አለበት።

ከኹሉ አስቀድሞ የሚታየው የአየሩ ማጣሪያ ነው። ይህም አየሩ ወደ ምድጃው በሚመለስበት መንገድ ላይ የተሰካ እንደ ወንፊት ያለ ነገር ነው። አቧራ፥ ጠጕርና የልብስ ብናኝ ሲሞላው አየር አያሳልፍም። አውጥቶ በብርሃን ፊት መያዝ ነው፤ ብርሃን የማያሳልፍ ከኾነ መለወጥ አለበት። ስስ የኾነው ዐይነት በአንድ ወር ወይም በሦስት ወር ይለወጣል፤ ውሻ ባለበት ቤት ከዚህም ይፈጥናል። በጠርዙ ላይ የተሣለው ቀስት ወደ ምድጃው ማመልከት አለበት። ብዙ ሰዎች እጅግ የጠበቀውንና የተወደደውን ማጣሪያ ለጤና ይሻላል ብለው ይገዛሉ፤ ማራገቢያው ግን በእርሱ ውስጥ አየር ለመሳብ ጕልበት ካነሰው አዲሱ ማጣሪያ እንደ ቈሸሸው ያስቸግራል።

ቀጥሎ በየክፍሉ ያሉት የአየር መስኮቶች ይታያሉ። ማንም የማይተኛበትን ክፍል ዘግቶ ጋዝ መቈጠብ ብልኀት ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ከተዘጉ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ወደ ብረቱ ይመለሳል። አልጋና ምንጣፍ የሸፈናቸውም እንደ ተዘጉ ይቈጠራሉ።

ይህ ኹሉ ደኅና ኾኖ ምድጃው አሁንም ከጠፋ፥ ባለሙያ ይጠራል። እርሱ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ትልቁ ማራገቢያ አቧራ ለብሶ ወይም ሞተሩ ደክሞ እንደ ኾነ ይመለከታል፤ በበጋ ቤቱን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ከምድጃው በላይ ስላለ እርሱም ተደፍኖ እንደ ኾነ ይመረምራል። ከዚያም ወደ ምድጃው የሚገባውንና ከምድጃው የሚወጣውን አየር በቴርሞሜትር ይለካል። የሚገባው 18፥ የሚወጣው 63 ዲግሪ ቢኾን ልዩነቱ 45 ነው። በምድጃው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ከ20 እስከ 35 የሚል ከኾነ ወይ አየሩ አንሷል፥ ወይ ጋዙ በዝቷል፤ የጋዙም ግፊት በመለኪያ ይታወቃል። ልኩ ኹሉ ደኅና ኾኖ ሳለ እሳቱ ከጠፋ ግን ያ ጠባቂ ቅጠል አርጅቶ ይኾናል፤ ያን ጊዜ በዐይነቱ ይለወጣል።

አንዳንድ ሰው በብርድ ተማሮ የጠባቂውን ኹለት ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ያገናኛቸዋል። ምድጃው በእውነት ይነድዳል፥ ቤቱም ይሞቃል፤ ነገር ግን ስሱ ብረት ያለ ጠባቂ እየጋለ እየቀዘቀዘ ይሰነጠቃል፤ ጭሱም ሰው ከሚተነፍሰው አየር ጋራ ሊቀላቀል ይችላል። በዚህ ጭስ ውስጥ ሊኖር የሚችለው ካርቦን ሞኖክሳይድ፥ በኢትዮጵያ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙትን ሰዎች የሚገድለው መርዝ ራሱ ነው። መልክም ሽታም የለውም። የቤተ ሰቡ ሰዎች ኹሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፥ ካቅለሸለሻቸውና ጕልበታቸው ከዛለ፥ ወደ ውጭም ሲወጡ ከቀለላቸው፥ ይህ መርዝ ሊኾን ስለሚችል ወደ ቤት ሳይመለሱ ርዳታ መጥራት አለባቸው። ስለዚህ በመኝታ ቤቶች አጠገብ ይህ መርዝ ሲገኝ የሚጮኽ ትንሽ መሣሪያ ይሰቀላል።

ባለሙያው በብረቱ ላይ ስንጥቅ ካገኘ ጋዙን ይዘጋል፤ ብረቱ ወይም ምድጃው በሙሉ እስኪለወጥ ድረስም አይነድድም። በዚያ ሌሊት ቤተ ሰቡ በዘመድ ወይም በጐረቤት ቤት ያድራል፤ ከሰል ወደ ቤት ማስገባት ወይም የማብሰያውን የጋዝ ምድጃ ከፍቶ መሞቅ ግን ከአንዱ ጭስ ሸሽቶ ወደዚያው ጭስ መመለስ ነው።