በአውራ ጐዳና ዳር ቤት ስለ መግዛት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያመራው አውራ ጐዳና የሐይቅን ከተማ ሰንጥቆ ካለፈ በኋላ፣ በአምባሰል ወረዳ ውጫሌን አቋርጦ ወደ መርሳ ይዘልቃል። ኢጣሊያ አገሪቱን ወርራ በያዘችባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት መንገዱ ለአውቶሞቢል እንዲመች ሆኖ ከተሠራ ወዲህ፣ በነዚህ ከተሞች የሚኖር ነጋዴ ጥቂት ገንዘብ ሲጠራቀምለት አስቀድሞ የሚመኘው፣ በዚሁ መንገድ ዳር ቤት ገዝቶ ከፊት ሱቅ መክፈትንና ከኋላ ከነቤተሰቡ መኖርን ነው። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም የመንገድ ዳር ቤት በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ሁለት ንብረት ነው፤ አንደኛው መኖሪያ ሲሆን ሁለተኛው የገበያ ስፍራ ነው። ገዥ ሁለቱን ለየብቻ ሳይመዝን የተዋዋለ እንደ ሆነ፣ ለየትኛው ምን ያህል እንደ ከፈለ ሳያውቅ ይቀራል።

ሻጭ ዘወትር የሚያሳየው የመኪናውን ብዛት ነው። ለነጋዴ ግን የሚጠቅመው የሚያልፈው ሳይሆን የሚቆመው ነው። ከኮምቦልቻ ጭኖ ወደ ወልድያና ወደ መቀሌ የሚገሠግሠው ካሚዮን ጭስና አቧራ ከመተው በቀር ለሱቁ የሚያስገባለት ነገር የለም፤ የሐይቁን ዓሣ ለመግዛት ወይም ምሳ ለመብላት የሚወርደው መንገደኛና ከገጠር ወደ ገበያ የሚመጣው ገበሬ ግን ደንበኛ ነው። ስለዚህ ገዥ ከመዋዋሉ በፊት በገበያ ቀን፣ በተራ የሥራ ቀንና በበዓል ዋዜማ ከቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ስንት መኪና እንዳለፈና ስንት እንደ ቆመ፣ ከወረዱትም ሰዎች ስንቱ ወደ ጐረቤት ሱቅ እንደ ገቡ በወረቀት ይመዝግብ። የጭነት መኪና ቆሞ ዕቃ የሚያራግፍበት ስፍራ መኖሩንም ይመልከት፤ ቤቱ ዳገት ወይም ጠመዝማዛ ላይ ከሆነ፣ መኪናው ቢበዛም ማንም አይቆምለትም። ለሦስት ቀን ሻይ የሚከፈለው ገንዘብ ለደላላ ከሚከፈለው እጅግ ያነሰ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሒሳቡ ነው። ለማስላት ያህል ብቻ፣ በአስፋልቱ ዳር ያለው ቤት 3,200,000 ብር፣ በስፋትና በአሠራር የሚመስለው የውስጥ ሠፈር ቤት ደግሞ 2,000,000 ብር ተጠየቀባቸው እንበል። እንግዲህ ገዥው ለመንገዱ የሚከፍለው 1,200,000 ብር ነው ማለት ነው። የፊቱ ክፍል በወር 12,000 ብር ቢከራይ በዓመት 144,000 ብር ይገኛል፤ ለእድሳትና ተከራይ ለሚጠፋበት ጊዜ 24,000 ብር ሲነሣለት 120,000 ብር ይተርፋል። ልዩነቱ የሚመለሰው በ10 ዓመት ነው፤ ግብሩ ሲታሰብ ደግሞ ከዚህ ይረዝማል። ገንዘቡ በመቶ 15 ወለድ የተበደሩት የሆነ እንደ ሆነ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 180,000 ብር ስለሚደርስ፣ ኪራዩ ወለዱን እንኳ አይሸፍንም። በሱቁ ራሱ የሚነግድበት ሰውም ከዚህ ሒሳብ አያመልጥም፤ ለሌላ ቢያከራየው ያገኘው የነበረውን ገንዘብ ከትርፉ ላይ መቀነስ ይገባዋል። ኪራይ ከዓመት ወደ ዓመት ይጨምራል የሚለው መልስ እውነትነት አለው፤ ጭማሪው የሚገኘው ግን መንገዱና ቤቱ ባሉበት የቆዩ እንደ ሆነ ነው።

ከባዱ ጥያቄም ይኸው ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ንብረት ከሆነ ጀምሮ፣ በሕግ የሚሸጠው ቤቱ እንጂ መሬቱ አይደለም። ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው ደግሞ ቦታው መሆኑን ገዥም ሻጭም ያውቃሉ። መንገድ እንዲሰፋ ተወስኖ ቤቱ የሚፈርስ ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳው በቦታው ላይ የሠፈረውን ንብረት ለመተካት በሚያስፈልገው ወጪ እንዲሰላ ያዛል። ያ 1,200,000 ብር ግን በድንጋዩም በቆርቆሮውም ውስጥ ስለሌለ ገማቹ አያገኘውም። ምትክ ቦታ ቢሰጥም የቀድሞው ደንበኛ አብሮ አይሄድም። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር በፒያሳና በሌሎች ጐዳናዎች ዳር የነበሩ ብዙ ቤቶችና ሱቆች ፈርሰዋል፤ ሥራውም ከዚያ ወዲያ ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፍቷል።

ቤቱ ሳይነካ መንገደኛው ሊሸሽ የሚችልበትም ጊዜ አለ። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ አገልግሎት ሲጀምር፣ በዱከምና በቢሾፍቱ ውስጥ ያልፍ ከነበረው መኪና ከፊሉ ወደ አዲሱ መንገድ ዞሯል። የወሎ ነጋዴ ደግሞ ሌላም ያውቃል፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጦሩ የተጓዘው በዚሁ አውራ ጐዳና ነበር፤ የንግዱም እንቅስቃሴ ተቋርጧል። ስለዚህ ገቢውን ሁሉ በመንገደኛ ላይ ከጣለ ሱቅ ይልቅ፣ የሠፈር ሰው ዘወትር ጨውና ዘይት የሚገዛበት ሱቅ ክፉ ቀን ይችላል። ገዥ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የከተማውን ፕላን ማየት፣ ለመንገዱ የተተወውም ስፋት ከቤቱ ግድግዳ ምን ያህል እንደሚርቅ በሜትር መጠየቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ መኖሪያው እንመለስ። የአምባሰል ስም በዜማ የታወቀ ነው፤ ሌሊት ዳገት የሚወጣ ካሚዮን የሚያሰማው ግን ከቅኝቱ የሚቈጠር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ባወጣው መምሪያ፣ የሌሊት የመኪና ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን እንቅልፍን ያውካል። መፍትሔው ከርቀት ይገኛል። ከመንገድ የሚመጣ ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቊጥር በ3 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መኝታው ከመንገዱ በ5 ሜትር ላይ ከሚሆን በ40 ሜትር ላይ ቢሆን 9 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ይህም ለጆሮ በግማሽ የቀነሰ ያህል ነው። ፊት ለፊት የሚቆመው ሱቅም ራሱ ጋሻ ይሆናል። እንግዲህ ግንባሩ ጠባብ ሆኖ ወደ ውስጥ የሚረዝም ቦታ፣ በአስፋልቱ ላይ ተዘርግቶ ጥልቀት ከሌለው ቦታ ለቤተሰብ ይሻላል። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚወጡበት በር በጓሮ በኩል የሚገኝ ከሆነ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ቊልቊለት ላይ ፍሬን የሳተ መኪና በር አንኳኩቶ አይገባምና።

የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ጐረቤትን በጭስ፣ በድምፅና በንዝረት ከልክ በላይ ማወክን ይከለክላል። ዳኛው ግን የአገሩን ልማድና የቦታውን ሁኔታ እንዲመለከት ታዟል። በአውራ ጐዳና ዳር መሆኑን እያየ የገዛ ሰው፣ ከጐረቤቱ ጋራዥ ለሚሰማው ድምፅ የሚያቀርበው ክስ ብርታት አይኖረውም።

ቤቱ ራሱ ቢቻል በክረምት ይታይ። አስፋልት በታደሰ ቊጥር ከፍ እያለ ስለሚሄድ የድሮ ቤት ወለል ከመንገዱ በታች ሆኖ ይቀራል፤ ቦዩም የተደፈነ እንደ ሆነ ጐርፉ ወደ መጋዘን ይገባል። የጭቃ ግድግዳ ሲሆን፣ በመንገዱ በኩል ያለው ከጓሮው በኩል ካለው ይልቅ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ይመርመር።

ስለ ወረቀቱ ደግሞ፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥሪት እንዲገባ ደንግጓል፤ ይህም የሚያስከትለው ክፍያ በዋጋው ላይ ታስቦ ማን እንደሚከፍለው በውሉ ይጻፍ። ይዞታው የተፈቀደው ለመኖሪያ ነው ወይስ ለንግድ የሚለውም ይረጋገጥ፤ ለመኖሪያ በተሰጠ ቦታ ላይ ሱቅ መከፈቱ ሱቁን ሕጋዊ አያደርገውም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይመዝገብ። ቤቱ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከጽሕፈት ቤቱ ሳይወጣ ቀብድ አይከፈል፤ ከዋጋውም ጥቂት የማይባለው ክፍል ስሙ በገዥው እስኪዞር ድረስ በባንክ ይቆይ።