ሃይማኖቱን ለሚለውጥ ሰው ስለሚሰጥ መንፈሳዊ ምክር

አንድ ሰው ሃይማኖቱን በለወጠ ጊዜ ብዙዎች የሚጠይቁት «ምን ተወ? ምንስ ያዘ?» ብለው ነው። ከተወው ወደ ያዘው እስኪደርስ ድረስ በመካከል ያለውን ዘመን የሚያስብለት ግን ጥቂት ነው። ይህ ዘመን ወር ሊሆን ይችላል፤ ዓመታትም ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ሰውዬው ከቀድሞ ወገኖቹ ተለይቷል፤ ከአዲሶቹም ገና አልተላመደም። ቢታመም ማንን እንደሚጠራ አያውቅም፤ ሰው ቢሞትበት ማን እንደሚቀብርለት ይጨነቃል። ይህ ትምህርት የተጻፈው እንዲህ ላለው ሰው ምክር ይሰጡ ዘንድ ለሚጠሩት ነው፤ ለሰባኪ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤት፥ ለአስተማሪና ለትምህርት ቤት ጓደኛም ነው።

በገረሴና በዙሪያዋ ባለው የጋሞ ደጋ ይህ ነገር ከከተማ ይልቅ ይከብዳል። የአባቶች ሃይማኖት በአንድ ቤት ተዘግቶ በሳምንት አንድ ቀን የሚከፈት ነገር አልነበረምና። ከእርሻ፥ ከከብት፥ ከጋብቻና ከሽምግልና ጋር አብሮ የተሸመነ ነበር። ታላቁ ሳይዘራ ታናሹ አይዘራም። ባይራ የሚባለው የበኵር ልጅ አባቱ በሞተ ጊዜ የመሥዋዕቱን ሥራ ይወርሳል፤ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለታናናሾቹም ያርዳል፥ ይለምናልም። ዛሬ ብዙዎች ይህን ትተዋል፤ ነገር ግን ፍርሃቱ ከሥርዐቱ ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው። ባይራው ወንጌልን ተቀብሎ «ከዛሬ ጀምሮ አላርድም» ባለ ጊዜ ስለ ገዛ ነፍሱ ብቻ የተናገረ ይመስለዋል፤ የሚሰሙት ወንድሞቹ ግን ቤታቸው ያለ ጣራ እንደ ቀረ ያያሉ። መካሪው ይህን ካላወቀ የወንድሞቹን ቍጣ ክፋት ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል። ከቍጣው በታች ግን ያለው ፍርሃት ነው።

እንግዲህ የመካሪ የመጀመሪያ ሥራው መስማት ነው። ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ በመንገድ ባገኘው ጊዜ ስብከት አልጀመረም፤ አስቀድሞ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው። ከዚያም በሰረገላው አብሮት ተቀመጠ፥ ሰውዬው ከያዘውም ክፍል ተነሥቶ አስተማረው፤ ይህ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ተጽፏል። አንተም ወደ አንተ የመጣውን ሰው ምን እንዳመጣው በትዕግሥት ጠይቀው። አንዱ የመጣው ልጁ ታሞ ነው፤ ሌላው ያፈቀራት ልጅ ከምእመናን ወገን ስለ ሆነች ነው፤ ሦስተኛው ትምህርት ወይም ሥራ አገኛለሁ ብሎ ነው። ከእነዚህ ማንንም አታሳፍር፤ ምክንያቱን ግን አብራችሁ በብርሃን አስቀምጡት። ሥራ ፈልጎ የመጣ ሰው ሥራውን ባጣ ቀን እምነቱንም ያጣልና።

ደግሞም ስለ እግዚአብሔር አስቀድሞ የሚያውቀውን ጠይቀው፤ ከአንተ በፊት ምንም አልሰማም ብለህ አታስብ። ሚስዮናውያን ወደ ደቡብ ሳይገቡ ኤሳ የተባለ ሰው ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ እስከ ወላይታ ድረስ እየዞረ፥ ሕዝቡ ለመናፍስት መሠዋትን ትቶ ለአንዱ ፈጣሪ ብቻ እንዲጸልይ ያስተምር እንደ ነበር ይታወቃል። ብዙ ሽማግሌዎች ወንጌልን በሰሙ ጊዜ «ይህን የሚመስል ነገር ሰምተን ነበር» ያሉት ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ እርሱም ጎሜ ነው። ጎሜ የአባቶችን ሥርዐት በመጣስ የሚመጣ ጥፋት ነው፤ በሽታ፥ መካንነት፥ የዝናም መቅረት፥ የከብት ማለቅ ሁሉ ከእርሱ እንደሚመጣ ይታመናል። የተማሩ ወጣቶች በዚህ ይሥቃሉ። እኔ ግን መካሪ በጎሜ እንዲሥቅ አልፈቅድም። ሣቅ ፍርሃትን አያወጣም፤ ሰውዬው ፍርሃቱን ከአንተ እንዲሰውር ያስተምረዋል እንጂ። በቀን ከአንተ ጋር ይጸልያል፤ በሌሊት በግ ይዞ ወደ አዋቂ ቤት ይሄዳል። ጌታችንም ስለ ባዶ ቤት የተናገረው ምሳሌ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 አለ፤ ርኵስ መንፈስ የወጣበት ቤት ተጠርጎ ባዶውን ቢቀር የመጨረሻው ነገር ከፊተኛው ይከፋል። ከሰው ልብ አንድ ፍርሃት ስታወጣ በስፍራው ምን እንዳስገባህ ተመልከት።

ለዚህም ሁለት ነገር እጽፋለሁ። ከሁሉ በፊት፥ «አምነህ ሳለ ልጅህ አይታመምም» ብለህ አትንገረው። ልጁ ይታመማልና። ሰው ባመነ በሁለተኛው ወር ልጁን ትኵሳት ቢይዘው ዘመዶቹ ሁሉ «ይኸው ጎሜ!» ይሉታል፤ ያን ጊዜ የአንተ የሐሰት ተስፋ ከዘመዶቹ ቃል ይልቅ ያቈስለዋል። ኢዮብ ጻድቅ ሳለ ልጆቹን እንዳጣ አስቀድመህ አስተምረው። ትኵሳቱም በመጣ ጊዜ አብረኸው ጸልይ፤ ነገር ግን ጸሎቱ ሳያልቅ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ የሚሸከም ሰው ይዘጋጅ። ወባ በጸሎት ቤት ደጅ ቆሞ አይጠብቅም። በዚያች ሌሊት ከአባትየው ጋር ብትቀመጥ ከአንድ ዓመት ስብከት ይበልጣል።

ሌላው ነገር ይህ ነው፤ በጎሜ ሥርዐት ውስጥ መልካም የሆነውን ለይተህ እወቅ። ጎሜ የያዘው ሰው ጥፋቱን በአፉ ይናገር ነበር፤ ድንበር ገፍቶ እንደ ሆነ፥ ወንድሙን በድሎ እንደ ሆነ በሽማግሌ ፊት ይገልጥና ይታረቅ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው አምኖ ጎሜን በተወ ጊዜ መናዘዝንና መታረቅንም አብሮ ቢተው ከቀድሞው ይልቅ የከፋ ጎረቤት ይሆናል። አይተናልም፤ «ጌታ ይቅር ብሎኛል» እያለ የባልንጀራውን ድንበር ይዞ የሚዘምር ሰው አለ። በተራራው ስብከት ከመባው በፊት ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ የታዘዘው ማን ነው? ያው አማኙ አይደለምን? በጉን ይተው፤ ዕርቁን ግን አይተው።

ስለ ባይራውም ጥቂት ልጨምር። በሌሊት እንዲኰበልል አትምከረው። ወንድሞቹን በቀን ይሰብስብ፤ ከእርሱም በላይ ያሉ ሽማግሌዎች ይገኙ፤ የማያደርገውን በግልጥ ቃል ይንገራቸው፤ ወዲያውም የማይተወውን ይዘርዝርላቸው። የታናናሾቹን ችግር መስማት፥ የሙት ልጅ ማሳደግ፥ በጠብ መካከል መቆም፥ የእናቱን ቤት መክደን፤ እነዚህ ሁሉ የባይራ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱም ከወንጌል ጋር አይጣላም። እምነትን ሰበብ አድርጎ ከመሥዋዕቱ ጋር ሸክሙን ሁሉ የጣለ፥ መሬቱን ግን የያዘ በኵር ቢኖር፥ ወንድሞቹ በእርሱ ቢቈጡ እውነት አላቸው።

የአባቶች ነገር ሁሉ የሰይጣን ነው የሚልም መካሪ አለ። ይህ ሰው በመስከረም 2011 ዓመተ ምሕረት በአርባ ምንጭ የሆነውን ያስብ። በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፥ ሐዘንና ቍጣ ያቃጠላቸው ወጣቶች ለበቀል ተነሡ፤ የጋሞ ሽማግሌዎች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ያን ሣር ከእጃቸው የሚያስጥል ትምህርት ከወንጌል አይደለም።

ሸማ ለመሥራት ወይም ለመማር ወደ አዲስ አበባ ወርዶ በዚያ እምነቱን የለወጠ ወጣት፥ ፈተናው የሚመጣው በመስቀል ነው። የጋሞ ልጅ የትም ቢውል በመስቀል ወደ አባቱ ቤት ይመለሳልና። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ምከረው። ሥጋው ቢቀርብለት ይብላን? ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 10 ለዚህ መልስ ሰጥቷል፤ የቀረበልህን ሳትመረምር ብላ፤ ለጣዖት የተሠዋ ነው ብሎ የነገረህ ሰው ካለ ግን ስለ ነገረህ ሰው ብለህ ተው። እንግዲህ ከጎረቤት ጋር በኅብረት ተገዝቶ የታረደውን በሬ ያለ ሥጋት ይብላ። ለሙታን አባቶች የታረደ ነው ተብሎ ቢነገረው በትሕትና እምቢ ይበል፤ ከማዕዱ ግን ተነሥቶ አይሂድ። የአባቱንም ምርቃት ተንበርክኮ ይቀበል፤ አባት ልጁን ሲመርቅ ጣዖት ማምለክ አይደለም።

ከኦርቶዶክስ ቤት ለሚመጣውም እንዲሁ ነው። እናቱ የምትጾመውን ጾም እንዲሰድብ የሚያስተምረው ሰው የመሳደብን ጥበብ እንጂ እምነትን አላስተማረውም። የእግዚአብሔርን ስም መጀመሪያ የሰማው ከእርስዋ አፍ ነው። ገና በወላጆቹ እጅ ያለውን ተማሪ ደግሞ በስውር አትሳበው። በ1987 ዓመተ ምሕረት የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእያንዳንዱን ሰው የሃይማኖት ነጻነት ይጠብቃል፥ ማስገደድንም ይከለክላል፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በሃይማኖታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያው አንቀጽ ይናገራል። ሁለት ሚስት ያለውን ሰው «አንዲቱን ዛሬ አስወጣ» ለማለትም አትቸኵል፤ የምትወጣው ሴት ከነልጆችዋ ወዴት ትሄዳለች? ይህን ለማኅበሩ ሽማግሌዎች ተወው፤ እነርሱም ሴቲቱን ሳይሰሙ አይፍረዱ።

በመጨረሻም መካሪ ራሱን ይጠብቅ። የመራኸው ሰው የአንተ አይደለም። ያለ ፈቃድህ እንዳያገባ፥ እንዳይሸጥ፥ እንዳይለውጥ ካደረግኸው የአዋቂውን ወንበር ወርሰሃል። በ1929 ዓመተ ምሕረት ኢጣሊያኖች የሱዳን ኢንቲርየር ሚስዮን ሰዎችን ከወላይታ ሶዶ ባስወጡ ጊዜ የተጠመቁት 48 ያህል ብቻ ነበሩ። መካሪዎቻቸው ሄዱ፤ መሪዎቻቸው ታሰሩ፥ ተገረፉ። ሚስዮናውያኑ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ የምእመናኑ ቍጥር ወደ 10,000 ደርሶ እንዳገኙት ጽፈዋል። ያን ሁሉ የመሩት ጎሜን በቋንቋቸው የሚያውቁ፥ ያንኑ ፍርሃት ራሳቸው ያለፉበት ጎረቤቶች ነበሩ።

ደግሞም የመከርኸው ሰው ወደ ቀድሞው ቢመለስ ወይም ወደ ሌላ ማኅበር ቢገባ አትርገመው፤ በገበያም ስታገኘው ሰላምታ አትንፈገው፤ ልጁ ሲሞት ቅበርለት። ሚስጥሩን ነግሮህ ነበርና ለማንም አታውጣ። ጃንደረባው ከውኃው በወጣ ጊዜ ፊልጶስን ዳግመኛ አላየውም፤ ደስ ብሎት ወደ አገሩ መንገዱን ቀጠለ። ፊልጶስም በአዛጦን ተገኘ፤ እስከ ቂሣርያም በየከተማው እየሰበከ አለፈ።