ለአያትሽ ደብዳቤ ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት

ልጄ፣ ከአያትሽ ሣጥን የወጣውን ደብዳቤ ፎቶ በስልክ አይቼዋለሁ። ማኅተሙ ከላይ፣ ፊርማው ከታች ነው። በቤታችሁ «የራስ አበበ አረጋይ ደብዳቤ» ሲባል የኖረ ወረቀት መሆኑንም ነግረሽኛል። አሜሪካ ያለው ወንድምሽ «ስንት ያወጣል?» ብሎ አስጠይቆኛል። ለእሱ መልስ ከመስጠቴ በፊት ላንቺ የምነግርሽ አለ፤ ዕድሜዬን ከመዝገብ ጋር ስለፈጀሁ የማውቀውን በተርታ ልንገርሽ።

1. በመጀመሪያ እጅሽን ሰብስቢ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደሽ ላሚኔት እንዳታስደርጊው፤ በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ ከወረቀቱ ጋር እንደተጣበቀ ይቀራል። የተቀደደውን በስኮች አታያይዢ፤ ሙጫው ውሎ አድሮ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። የደበዘዘውን ፊርማ በእስክሪብቶ የሚያደምቅ ሰው ካለ ከበር መልሺው። ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንስተሽ በንጹሕ ፖስታ አስቀምጪው። የእጥፋቱን መስመር፣ የሰም ጠብታውን፣ ዳር ላይ ያለውን የጭስ ጥቁረት አታጽጂ። ተደብቆ የተጓዘ ወረቀት ብዙ ጊዜ እጥፋቱ የበዛ ነው፤ ያም ምስክር ነው።

2. የእጅ ጽሑፉ አያስደንግጥሽ። በጣልያን ወረራ ዘመን ትልቅ ሰው ደብዳቤ ያስጽፋል እንጂ ብዙውን ጊዜ ራሱ አይጽፍም። ጸሐፊው ቃሉን ተቀብሎ ይጽፋል፣ ባለቤቱ ማኅተሙን ያሳርፋል። ስለዚህ «የደብዳቤው ጽሑፍና የፊርማው እጅ አይመሳሰልም፣ ሐሰት ነው» የሚልሽ ሰው የአገራችንን ደብዳቤ አያውቅም። የፈረንጅ ፊርማ መርማሪም መጀመሪያ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ታች ነው፤ አንቺ ግን ማኅተሙን እንዲያይ አስገድጂው።

3. ቀኑን አጥብቀሽ መርምሪ። አስመሳይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። በዘመነ ማቴዎስ ወይም በዘመነ ዮሐንስ ተብሎ ከተጻፈ ወንጌላዊው ከዓመቱ ጋር መግጠም አለበት። 1928 ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ 1929 ማቴዎስ፣ 1930 ማርቆስ፣ 1931 ሉቃስ፣ 1932 እንደገና ዮሐንስ፣ 1933 ማቴዎስ። የሳምንቱ ቀን ከተጻፈም አስሊው፤ ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡበት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ሰኞ ነበር። ፈራሚው ደብዳቤው ተጻፈ በተባለበት ቀን በሕይወት ነበር ወይ ብለሽም ጠይቂ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ተረሽነዋል፤ ራስ ደስታ ዳምጠው በየካቲት 1929 ተገድለዋል። ከዚያ በኋላ የተጻፈ «ደብዳቤያቸው» ቢመጣልሽ ዝም ብለሽ መልሺው።

ማዕረግም እንደ ቀን ነው። አበበ አረጋይ ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ ባላምባራስና የከተማው ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። በ1928 የተጻፈ ነው የተባለ ወረቀት «ራስ» ብሎ ከጠራቸው ጥያቄ ማንሳት አለብሽ። የጣልያን ሰነድ ከሆነ ደግሞ ከቀኑ አጠገብ በሮማ ቁጥር የፋሺስት ዓመት ይጽፋሉ፤ የሚቆጥሩት ከጥቅምት 28 ቀን 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ በእነሱ ግንቦት 5 ቀን 1936፣ 14ኛው ዓመት ላይ ይውላል። የጣልያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ደግሞ በ1930 መጀመሪያ ወራት ቦታውን ለአኦስታው መስፍን ስለለቀቀ፣ በ1931 «እንደራሴ ግራዚያኒ» ብሎ የፈረመ ወረቀት የለም።

ወንድምሽ ውጭ አገር ለገዢ ሲያሳይ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። እዚያ ያለው ነጋዴ «1933»ን በራሱ ቆጠራ አንብቦ «ይሄማ ጦርነቱ ሳይጀመር የተጻፈ ነው» ሊለው ይችላል። ከደብዳቤው ጋር የቀን መለወጫ ማስታወሻ ይያያዝ።

4. ታትሞ የወጣና በእጅ የተመታ ማኅተም ይለያያሉ። በ1932 ክረምት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጃንሆይን አዋጅ በአማርኛ ታትሞ በየአገሩ ይበትኑ ነበር፤ አዋጁም የንጉሠ ነገሥቱን ማኅተም የያዘ ነበር። በየቤቱ እንደ ታቦት ተጠቅልሎ የተቀመጠ አለ፤ ባለቤቶቹም «የጃንሆይ እጅ ያረፈበት» ይላሉ። ወረቀቱ የዘመኑ ነው፤ ታሪክም አለው፤ ማኅተሙ ግን የማተሚያ ቤት ሥራ ነው። አጉሊ መነጽር አምጥተሽ ቀረብ ብለሽ እዪ። የታተመው ቀለም ሁሉም ቦታ እኩል ነው። በእጅ የተመታው አንድ ጎኑ ይደምቃል፣ ሌላው ይደበዝዛል፤ ቀለሙም በወረቀቱ ክር ውስጥ ይሠርጋል። በብዕር የተፈረመ ፊርማም መስመር በመስመር ላይ ሲያልፍ ይጠቁራል፣ ብዕሩ የተጫነበት ቦታም ጎድጎድ ይላል።

5. ቀለምና ወረቀት። ዛሬ የምንጽፍበት ባለ ኳስ እስክሪብቶ በገበያ ላይ በስፋት የዋለው ከ1945 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ በ1930 የተጻፈ ነው የተባለ ደብዳቤ በቢክ ከተፈረመ አለቀ። ሌላም ዘዴ አለ። ነጋዴዎች የብር ኖት የሚፈትሹበትን ሐምራዊ መብራት በጨለማ ክፍል ለጥቂት ሰከንድ አብሪበት። ከጦርነቱ በኋላ ወረቀት ላይ የሚጨመር የማንጫ ኬሚካል ስለመጣ፣ አዲሱ ወረቀት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ካበራ ወረቀቱ የአርበኝነት ዘመን አይደለም። ካላበራ ግን አሮጌ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ አስመሳይ አሮጌ ባዶ ወረቀት ፈልጎ ይጽፍበታል።

6. ለማመሳከሪያ የሚሆን ፊርማ ከዚያው ዘመን ፈልጊ። ራስ አበበ ከነጻነት በኋላ በሚኒስትርነት ለዓመታት ሠርተው በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ነው የሞቱት። በቢሮ የፈረሙት ወረቀት ስለሚበዛ ሰው ሁሉ የሚያመሳክረው በዚያ ነው። በጠረጴዛ ላይ ተዝናንቶ የተፈረመና በረሃ ላይ በጉልበት ተደግፎ የተፈረመ አንድ አይሆንም። አንድ ናሙና አይበቃሽም፤ በርከት አድርጊ።

7. አክስትሽን አስቀምጠሽ አስወሪያት፣ ድምጿንም ቅጂ። አያትሽ የት ዘመቱ፣ ደብዳቤውን ማን አመጣላቸው፣ ከእሳቸው በኋላ በማን እጅ ቆየ? የሚቃረን ነገር ብትናገር አታርሚያት፣ እንዳለች ጻፊው። የአርበኝነት ሜዳይ፣ የምስክር ወረቀት፣ የድሮ ፎቶ ካለም ከደብዳቤው አትለዩት። አብሮ የኖረ ነገር ተበትኖ ሲሸጥ ታሪኩም ዋጋውም ይረግፋል።

8. ወደ ዋጋው እንምጣ። ፊርማ የሚወደደው ባለቤቱ ትልቅ ሰው ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጃንሆይ ከዘውዱ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ ነግሠዋል፤ የፈረሙበትን ፎቶግራፍ ለእንግዳውም ለመልእክተኛውም ሲሰጡ ኖረዋል። ስለዚህ ፊርማቸው በዓለም ጨረታ ብርቅ አይደለም። ከእሳቸው ጋር ጎጃምን ያቋረጠው የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ግን በ1944 እ.ኤ.አ. በ41 ዓመቱ በበርማ ግንባር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የፈረመው ያነሰ ነው፤ የእንግሊዝ ሰብሳቢም ይፈልገዋል። የአርበኛ ደብዳቤ ደግሞ እጅግ ጥቂት ቢሆንም ውጭ አገር የሚያውቀው ገዢ ትንሽ ነው። ይህ የገበያ ጉድለት ነው እንጂ የወረቀቱ አይደለም፤ እኔን ብትጠይቂኝ «ጥይት አልቋል፣ ስንቅ ላኩ» የሚል ቁራጭ ደብዳቤ ከአሥር የተፈረመ ፎቶግራፍ ይበልጥብኛል።

ኢንተርኔት ላይ የሚለጠፈው ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ጨረታ ላይ ተሸጦ የተከፈለውን ነው፤ ከዚያም ላይ የአጫራቹ ድርሻ ይቀነሳል። ዋጋ የሚገምትልሽ ሰው ራሱ ደብዳቤውን ሊገዛ የሚፈልግ ከሆነ ሌላ ገማች ፈልጊ። «እውነተኛ ነው» የሚል የምስክር ወረቀት ሲሰጥሽም በምን እንዳረጋገጠ ይጻፍልሽ፤ ማኅተም ብቻ ያለበት ምስክር ወረቀት ራሱ ምስክር ያስፈልገዋል።

9. የመጨረሻው ስለ ሕግ ነው፤ ወንድምሽም ያንብበው። ደብዳቤው የወራሾች ሁሉ ነውና አንዱ ተነሥቶ ሊሸጠው አይችልም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ ቅርስ በእጁ መያዝ ይችላል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ግን ክልክል ነው። ስለዚህ ለሚመጣ ዘመድ በሻንጣ እንዳትሰጪ፣ በፖስታም እንዳትልኪ። ይልቅ የወረቀቱን ፎቶና የአክስትሽን ቃል ይዘሽ ስድስት ኪሎ ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሂጂ፤ ዋናውን ቤት ትተሽ። ከሚያነቡት ሰዎች ጋር ተቀምጠሽ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አስነብቢ። በላክሽልኝ ፎቶ ሦስተኛው መስመር ላይ የሰው ስም የሚመስል ቃል አለ፤ የአያትሽ ስም ከሆነ ሌላውን ነገር ሁሉ ትተሽ መጀመሪያ ደውዪልኝ።