ማር ይስሐቅን ስለ ማንበብ

ከመጻሕፍት ቤት ጉባኤያት አንዱ በሆነው በመጻሕፍተ መነኮሳት የሚማሩ ደቀ መዛሙርት ደጋግመው የሚያቀርቡልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ማር ይስሐቅ ከንስጥሮሳውያን ወገን ነበረ ከተባለ፥ መጽሐፉን ማንበብ እንዴት ይገባናል?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በኤፌሶን ጉባኤ በ431 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) የተወገዘውን ትምህርት የምናወግዝ እኛ፥ ከዚያ ወገን የመጣውን መጽሐፍ ለመናኝ መሪ አድርገን ስንሰጥ ምክንያቱን መናገር ይገባናል። ምክንያቱን ያላገኘ ወጣት መነኩሴ ወይ መጽሐፉን ይጥላል፥ ወይ መምህሩን ይጠራጠራል።

አስቀድመን ታሪኩን ሳንሸሽግ እንናገር። ማር ይስሐቅ በሰባተኛው መቶ ዓመት የነበረ፥ ትውልዱም ዛሬ ቀጠር በሚባለው አገር አካባቢ የሆነ መነኩሴ ነው። የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ በነነዌ ላይ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው፤ እርሱ ግን ከአምስት ወር በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ ተራራ ወጣ። ወገኑ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን እንደ ነበረ አይካድም። «የለም፥ ከእኛ ነበር» ብለው የሚከራከሩ ወንድሞች መጽሐፉን ያስከበሩ ይመስላቸዋል፤ ደቀ መዝሙሩ እውነቱን ከሌላ በሰማ ጊዜ ግን መጽሐፉም መምህሩም አብረው ይናቃሉ። እንዲያውም በገዛ ወገኖቹ ዘንድ እንኳ ነቀፋ አልቀረለትም፤ የቤተ ገርማይ ኤጲስ ቆጶስ ዳንኤል በተናገራቸው ሦስት ነገሮች እንደ ተቃወመው ከጥንት ተጽፎአል።

ታዲያ ስለ ምን እናነበዋለን? በእጃችን ያለው መጽሐፍ የተጻፈው ለክርክር አይደለም። ነገሩ ስለ ዝምታ፥ ስለ ጸሎት፥ ስለ እንባ፥ ስለ ትሕትና፥ ለፍጥረት ሁሉ ስለሚራራ ልብ ነው። መጽሐፉም ወደ እኛ የደረሰው በብዙ እጅ አልፎ ነው። በቅዱስ ሳባ ገዳም የነበሩ ሁለት መነኮሳት ከሱርስት ወደ ጽርዕ ሲመልሱት፥ የሚያጠራጥሩትን ስሞች በከበሩ አባቶች ስም ለውጠዋል። ይህን አናመሰግንም፤ የጸሐፊውን ቃል መለወጥ አንባቢውን ማታለል ነውና። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ከተመለሰ በኋላ የእኛ ሊቃውንት የሠሩት ከዚህ ይሻላል፤ ንባቡን ንባብ አድርገው አስቀምጠው፥ ትርጓሜውን በአንድምታ ለይተው በሃይማኖታቸው ልክ አስፍተዋል። ስለዚህ ያለ መምህር ንባቡን ብቻ ይዞ የሚፈርድ ሰው፥ ሲያመሰግንም ሲነቅፍም መጽሐፉን ገና በግማሹ ነው የሚያውቀው።

ሁለተኛው ክፍል ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ክፍል ሊቁ ሰባስትያን ብሮክ በ1983 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት አገኘው፤ በ1995 ዓ.ም. አብዛኛው ታተመ። በዚያ ቴዎዶሮስ ዘመጰስውስጥያና ዲዮዶሮስ በክብር ይጠራሉ፤ ስለ ገሃነምም ሥቃዩ ፍጻሜ እንዲኖረው ተስፋ የሚያደርግ ቃል ይገኛል። በእኛ ፍርድ ይህን ማንበብ የሚገባው ሃይማኖተ አበውንና ቄርሎስን ለፈጸመ ሰው ነው፤ ለጀማሪ መስጠት አይገባም።

ጥያቄው በማር ይስሐቅ ብቻም አይቆምም። አረጋዊ መንፈሳዊም ከዚያው ወገን ነው፤ የገዛ ካቶሊኮሱ ጢሞቴዎስም አውግዞት ነበር። ንስጥሮስን አጥብቆ በተቃወመው በፊልክስዩስ ስም የምናነበውም መጽሐፍ፥ መርማሪዎች እንዳረጋገጡት፥ የዳዲሾ ዘቀጠር ሥራ ነው። እንግዲህ ማር ይስሐቅን በወገኑ ምክንያት የሚጥል ሰው ሁለቱንም መጣል ይኖርበታል፤ የመነኮሳቱም ጉባኤ ያለ መጽሐፍ ይቀራል።