ቆስጣው ላይ የቆመው አዳኝ

ላፍቶ፣ ከትንሹ አቃቂ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህርና ጓሮዋን ማልማት የጀመረች ጎረቤታቸው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ቆስጣዬ ላይ አንበጣ ወጥቷል። መድኃኒት ልረጭ ነበር፤ መጀመሪያ እርስዎ ይዩልኝ ብዬ ነው።

መምህሩ፦ ርጭቱ ይቆይ። እስቲ ልየው… ይሄማ ማንቲስ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ወሎንና ራያን ያጠቃውን የአንበጣ መንጋ በቴሌቪዥን ያየ ሰው እንዲህ ያለ አረንጓዴ ነገር ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን የዚህ የቅርብ ዘመዶቹ በረሮና ምስጥ ናቸው። ቅጠልም አይበላም፤ ቆስጣሽን የበሳው ሌላ ነው።

ወጣቷ፦ ታዲያ በምን ልለየው?

መምህሩ፦ አንበጣ ጉልበቱ የኋላ እግሩ ላይ ነው፣ ለመዝለል። የዚህኛው የፊት እግሩ ላይ ነው፣ ለመያዝ። አጥፎ ደረቱ ላይ ሲያስጠጋው ጸሎት የቆመ ይመስላል፤ የታጠፈው ክንድ ውስጡ ግን እሾህ በእሾህ ነው። ጭንቅላቱም ሦስት ማዕዘን ነው፤ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች በግራና በቀኝ፣ ሦስት ጥቃቅን ዓይኖች ደግሞ በመካከል አሉት።

ወጣቷ፦ ወይኔ፣ ዞሮ አየኝ! ዓይኑ ውስጥ ያለው ጥቁር ነጥብም እየተከተለኝ ነው።

መምህሩ፦ እንዲህ አንገቱን አዙሮ የሚያይ ሦስት አፅቄ ብዙ የለም። ነጥቡ ግን ብሌን አይደለም። ትልቁ ዓይን ከብዙ ጥቃቅን ዓይኖች የተሠራ ነው፤ ልክ ወዳንቺ የዞሩት ብርሃኑን ስለሚውጡት ጠቁረው ይታዩሻል። ቦታ ስትቀይሪ ሌሎቹ በተራቸው ይጠቁራሉ።

ወጣቷ፦ ሲያድን አይቼው አላውቅም። እንደ ድንጋይ ቆሞ ነው የማገኘው።

መምህሩ፦ አደኑ እኮ ያ ነው! ቆሞ ይጠብቃል፤ ዝንብ ወይም ፌንጣ ሲቀርበው ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳትገልጪ ክንዱን ወርውሮ ይይዛል። ለዚህ ርቀቱን በትክክል ማወቅ አለበት። እንግሊዝ አገር፣ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ለማንቲሶች ትንንሽ ባለ ቀለም መነጽር ሠርተው በንብ ሰም ለጠፉላቸውና ፊልም አሳዩአቸው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ማንቲሶቹ ምስሉ ከፊታቸው አየር ላይ ያለ መስሏቸው ክንዳቸውን ሰነዘሩ። በሁለት ዓይን ርቀት መለካት የተረጋገጠለት ሌላ ሦስት አፅቄ አልነበረም። እኔ ይህን ሳነብ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። በኋላ እንደታወቀው ደግሞ ርቀቱን የሚለካው በሚንቀሳቀስ ነገር ነው። የሞተ ዝንብ ብታስቀምጪለት ዞር ብሎ አያየውም፤ በክር አስረሽ ብታወዛውዢው ግን ሊይዘው ይችላል።

ወጣቷ፦ ታዲያ ጎመኔን የወረረውን ክሽክሽ ይጨርስልኛል?

መምህሩ፦ አይጨርስልሽም። ገና የተፈለፈለ እንደሆነ ክሽክሽ ይበላል፤ ለዚህ ትልቁ ግን ክሽክሽ በጣም ያንሳል። ለክሽክሹ ቀይዋን ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ጥንዚዛ ጠብቂ። ማንቲስ ጠላትሽን ከወዳጅሽ አይለይም፤ የእሳት እራትም፣ ንብም፣ የራሱን ወገንም ይበላል።

ወጣቷ፦ ሴቷ ባሏን ትበላለች የሚባለውስ?

መምህሩ፦ እውነት ነው፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። በተለይ ስትራብ ነው። ጭንቅላቱን ካጣ በኋላም ግንኙነቱ ሊቀጥል ይችላል፤ ያንን እንቅስቃሴ የሚመራው ነርቭ ሆዱ ውስጥ ነውና።

ወጣቷ፦ እሱንስ የሚበላው የለም?

መምህሩ፦ ሞልቷል። ወፍ፣ እስስት፣ ሌሊት የሌሊት ወፍ። ብዙዎቹ ማንቲሶች አንድ ጆሮ አላቸው፤ ያውም ደረታቸው ላይ፣ ከእግሮቻቸው መካከል። የሌሊት ወፍ የምታሰማውን፣ የእኛ ጆሮ የማይደርስበትን ቀጭን ድምፅ ሲሰማ እየበረረ ያለው ማንቲስ ድንገት ወደ ታች ይወረወራል። በአገራችን ከሚገኙት አንዱ፣ ኢዶሎማንቲስ የሚባለው፣ አበባ መስሎ ያድናል፤ ሲያስፈራሩት የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደማቅ ቀለሙን ያሳያል። ሴቷ እስከ 13 ሳንቲሜትር ትደርሳለች ይባላል።

ወጣቷ፦ መርዝስ የለውም? ሰፈር ውስጥ አትንኩት ይላሉ።

መምህሩ፦ መርዝ የለውም። ጨምቀሽ ከያዝሽው በእሾሁ ይቆነጥጥሻል፣ በቃ።

ወጣቷ፦ እንግዲያው አልረጭም። አጥሩ ላይ የደረቀ አረፋ የመሰለ ነገር አይቼ ነበር፤ እሱም የዚሁ ይሆን?

መምህሩ፦ ቡናማና ቅርንጫፉ ላይ የተጣበቀ ከሆነ የእንቁላሉ ቤት ሳይሆን አይቀርም። ሴቷ በአረፋ ውስጥ ትጥልና አረፋው ይደርቃል፤ በአንዱ ውስጥ ከመቶ በላይ እንቁላል ሊኖር ይችላል። አጥሩን ስትከረክሚ ያንን ቅርንጫፍ ተዪው። የግድ ከቆረጥሽው ደግሞ መሬት ላይ እንዳትጥይው፣ ጉንዳን ይጨርሰዋል፤ ከፍ አድርገሽ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ እሰሪው።