ጎዳና ከመድረሱ በፊት፦ የቲምንና ቤቱን አብሮ መጠበቅ

 

ከጁምዓ ሰላት ስንወጣ በመስጂዱ በር ላይ እጁን ለሚዘረጋ ሕፃን ሳንቲም እንሰጣለን። በረመዳን ማፍጠሪያ እናበላለን። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ አላህ ይቀበለን። ሆኖም ያ ሕፃን ትናንት ሌሊት የት እንዳደረ፣ ከዚያ በፊት በማን ቤት ይኖር እንደ ነበረ፣ ከቤቱም ያወጣው ምን እንደ ሆነ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ቤት አልባነትን ለመቀነስ የሚሻ ማኅበረሰብ አስቀድሞ ቤት አልባውን ማወቅ ይኖርበታል፤ ካወቀው በኋላም መጠለያውን ከሌላው እርዳታ ሁሉ ማስቀደም ይገባዋል።

መጠጊያ የቀደመበት ሕይወት

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የቲም ነበሩ። አባታቸው ዐብዱላህ የሞቱት እርሳቸው ከመወለዳቸው በፊት ነው። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው አሚና ከመዲና ሲመለሱ አብዋእ በተባለ ስፍራ አረፉ። ያን ጊዜ አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ ወሰዷቸው። ስምንት ዓመት ሲሆናቸው አያታቸውም ከዚህ ዓለም ተለዩ። አያታቸው ግን ከመሞታቸው በፊት ሕፃኑን ለልጃቸው ለአቡ ጧሊብ በአደራ ሰጥተው ነበር። አቡ ጧሊብ ልጆቻቸው ብዙ፣ ሀብታቸው አነስተኛ ቢሆንም አደራውን ተቀበሉ። አንዱ አሳዳጊ ሲሞት የቀጣዩ ቤት በር ክፍት ሆኖ ይጠብቅ ነበር።

ሱረቱ አድ-ዱሓ አላህ ለመልእክተኛው የዋለላቸውን ጸጋ ስታስታውስ ከ6ኛው እስከ 8ኛው አንቀጽ ሦስት ነገሮችን ታነሳለች፤ በየቲምነታቸው መጠጊያ ማግኘታቸውን፣ ወደ ቀናው መንገድ መመራታቸውን፣ ከችግር በኋላም መብቃቃታቸውን። ከሦስቱ በመጀመሪያ የተነሳው መጠጊያው ነው። ቀጥሎም የቲምን መጨቆንና ጠያቂን መገላመጥ ተከልክሏል። ይህን ቅደም ተከተል ልብ እንበል።

የሱፋ ሰዎች

እ.ኤ.አ. በ622 ሙሃጂሮች ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ ቤታቸውንና ንብረታቸውን ጥለው ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዱን ሙሃጂር ከአንድ አንሷር ጋር በወንድማማችነት አስተሳሰሩ። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ለወንድማቸው ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) የሀብታቸውን ግማሽ አቀረቡላቸው። ዐብዱረሕማን ግን መርቀዋቸው፣ ገበያው የት እንደ ሆነ ጠየቁ። በቅቤና በአይብ ንግድ ጀምረውም ራሳቸውን ቻሉ።

የሚጠጉበት ቤተሰብ ያላገኙት ደግሞ በመስጂዱ ጀርባ በነበረው ጥላ ሥር ያድሩ ነበር። ስፍራው ሱፋ ስለሚባል አህሉ ሱፋ ተባሉ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከእነርሱ አንዱ ነበሩ፤ ሙሉ ልብስ የሌላቸው 70 ሰዎችን በዚያ ማየታቸው በቡኻሪ ዘገባ ተመዝግቧል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወተት በስጦታ ሲመጣላቸው የሱፋን ሰዎች አስጠርተው ካጠጡ በኋላ እርሳቸው በመጨረሻ ጠጡ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ምግብ ያለው ሦስተኛ እንግዳ ከሱፋ ይዞ እንዲሄድም ሰሓቦቹን አዘዙ። ስለዚህ እንግዶቹ በየቤቱ ገብተው ከቤተሰብ ጋር በአንድ ማዕድ ይቀርቡ ነበር። በሱፋ የነበሩት ሰዎች ቁጥር በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር፤ ትዳርና ሥራ ያገኘው ይወጣል፣ አዲስ መጪው ይተካል። አቡ ሁረይራ ራሳቸው ከዓመታት በኋላ በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን የባሕረይን አስተዳዳሪ ለመሆን በቅተዋል።

ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። የመዲና ሰዎች ችግረኞቻቸውን ያውቋቸው ነበር። ሸክሙን በየቤተሰቡ ተከፋፍለውታል። ሱፋም ለብዙዎቹ መሸጋገሪያ እንጂ የዘለዓለም ማደሪያ አልሆነም።

በዘመናችን የታየ ምሳሌ

ማወቅና መጠለያን ማስቀደም በሀገር ደረጃ ምን ፍሬ እንደሚያፈራ በዘመናችን ካሳዩት ሀገሮች አንዷ ፊንላንድ ናት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 1987ን ቤት ለሌላቸው የመጠለያ ዓመት ብሎ ሲሰይም ይህች ሀገር ቤት አልባ ዜጎቿን በየዓመቱ መቁጠር ጀመረች። በዚያን ጊዜ ቁጥራቸው ከ18,000 በላይ ነበር። ቆጠራው በጎዳና የሚያድረውን ብቻ አልያዘም፤ የራሱ ቤት ስለሌለው በዘመድና በወዳጅ ቤት ተጠግቶ የሚኖረውንም አካተተ። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ አሠራሩ ተለወጠ። ቀድሞ ችግረኛው ሱሱን ሲተው፣ ሥራ ሲያገኝ፣ ጠባዩ ሲታረም ቤት ይሰጠው ነበር። አሁን ግን በመጀመሪያ የኪራይ ውል ያለው ቤት ያገኛል፤ ሕክምናውና ሥራ ፍለጋው ከዚያ ይከተላል። የጋራ ማደሪያ አዳራሾችም ወደ መኖሪያ ቤቶች ተለወጡ።

በ2023 መጨረሻ ቁጥሩ ወደ 3,429 ወርዶ ነበር። በ2024 ግን የመኖሪያ ቤት ድጎማ በተቀነሰበት ወቅት ወደ 3,806 ከፍ ብሏል። ይህም ለእኛ ትምህርት ነው፤ የተጀመረ ድጋፍ ሲላላ በሩ የተከፈተለት ሰው ተመልሶ ሊወጣ ይችላል።

ከቀብር እስከ ጎዳና

ወደ ከተሞቻችን ስንመለስ በጎዳና የምናያቸው ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ ጫማ ሲጠርጉ፣ ቆሎና ማስቲካ ሲያዞሩ ውለው ማታ ወደ እናታቸው ይመለሳሉ። ሌሎቹ ግን በካርቶንና በማዳበሪያ ተጠቅልለው በረንዳ ላይ ያድራሉ። የመጀመሪያው ልጅ ቤት አለው፤ የሚያስፈልገው ያ ቤት እንዳይፈርስ ነው። ሁለተኛው መመለሻ መንገድ ይሻል። ለሁለቱም አንድ ሳንቲም ሰጥቶ ማለፍ ሁለቱንም አለማወቅ ነው።

አንድ ልጅ ከመጀመሪያው ወገን ወደ ሁለተኛው እንዴት እንደሚሻገር እናስተውል። በኪራይ ቤት የሚኖር አንድ አባወራ ሞተ እንበል። በዚያ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል፤ እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጀመዓው ጀናዛውን ይሸኛል። ከሦስት ቀን በኋላ ድንኳኑ ይነሳል። የመጀመሪያው ወር ኪራይ ከእድሩ ገንዘብ ይከፈላል። በሁለተኛው ወር ቴሌቪዥኑና ቁምሳጥኑ ይሸጣሉ። በሦስተኛው ወር አከራዩ ቤቱን እንዲለቁለት ይጠይቃል። ይህን ጊዜ ለቅሶ ከደረሰው ሰው አንድም በአጠገባቸው የለም። እናት ወደ ጠባብ ክፍል ስትዛወር ልጆቹ ከትምህርት ቤታቸው ይርቃሉ፤ ታላቁ ልጅ ሸክም ይጀምራል። ትንሿ ልጅ ወደ አንድ ዘመድ ቤት ትላክና ከልጅነት ይልቅ ለሠራተኛነት ትፈለጋለች። ከእነዚህ ልጆች አንዱ አንድ ቀን ተቆጥቶ ወይም ተመትቶ ይወጣል። ያን ቀን ጎዳና የወጣ ይመስለናል፤ መንገዱ የተጀመረው ግን ድንኳኑ በተነሳበት ዕለት ነበር።

ከወጣ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው። ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰው የነዋሪነት መታወቂያ ለማግኘት ይቸገራል፤ መታወቂያ የሌለው ደግሞ ቤት ለመከራየትና ለመቀጠር ይቸገራል። ስለዚህ ቤት የጠፋበትን ከመመለስ ይልቅ ያለው እንዳይጠፋ መጠበቁ ይቀላል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንወቅ። በየመስጂዱና በየእድሩ አሳዳጊያቸው የሞተባቸው ቤተሰቦች ዝርዝር ይያዝ። የልጆቹ ዕድሜ፣ የቤቱ ዓይነት፣ የኪራዩ መጠንና የመክፈያው ቀን ይመዝገብ። ዝርዝሩ የሰው ገመና ስለሆነ በጥቂት ታማኝ ሰዎች እጅ ብቻ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ዚያራውን እናራዝም። በሦስተኛው ቀን የሄድን ሰዎች በአርባኛው ቀንና በሦስተኛው ወርም እንሂድ። ስንሄድም ኪራይ ተከፍሎ እንደ ሆነ በለሆሳስ እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ሰነዱን እናስተካክል። የቀበሌ ቤት ከሆነ ውሉ በሟች ስም ሆኖ እንዳይቀር ቤተሰቡ ሳይዘገይ ለሚመለከተው ወረዳ ያሳውቅ። የግል ኪራይ ከሆነ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ መደንገጉን እናስረዳቸው። የውርስና የሞግዚትነት ጉዳይ ባለጉዳዮቹ ከተስማሙ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት በተደራጁት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሊታይ ይችላል። ሱረቱ ኒሳእ የየቲምን ገንዘብ ያለ አግባብ መብላትን አጥብቃ ታስጠነቅቃለች፤ አባት ትቶት የሄደው ቤትም ከዚህ ገንዘብ ውስጥ ነው። ሕፃናቱ ሳያድጉ ቤቱን ሸጦ መከፋፈል የሚሻ ዘመድ ካለ ሽማግሌዎችና ኢማሞች በጊዜ ይናገሩት።

አራተኛ፣ ሰደቃችንን ከኪራይ ቀን ጋር እናያይዝ። በዓመት አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ብዙ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ በቀኑ የሚደርስ ጥቂት ገንዘብ አንድን ቤተሰብ በቤቱ ያቆያል። አምስት ቤተሰቦች ተባብረው የአንዲትን እናት ኪራይ ለአንድ ዓመት ሊሸፍኑ ይችላሉ፤ በዚያ ዓመት ውስጥ እርሷ እንደ ዐብዱረሕማን ገበያዋን ትፈልጋለች። ዘካን በተመለከተ ሱረቱ ተውባ በ60ኛው አንቀጽ ከዘረዘረቻቸው ስምንት ወገኖች መካከል ድሆች፣ ባለዕዳዎችና መንገደኞች ይገኛሉ፤ የኪራይ ዕዳ ያለባት እናት በየትኛው እንደምትገባ ዑለማዎችን እንጠይቅ።

አምስተኛ፣ አቅም ያለን ወቅፍን እናስብ። ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኙትን መሬት እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ፣ በስጦታም እንዳይተላለፍ አድርገው ጥቅሙን ለድሆች፣ ለዘመዶችና ለመንገደኞች አውለውታል። በግቢያችን ያለች አንዲት ክፍል በዚህ መንፈስ ለአንድ የቲም ቤተሰብ ብትሰጥ የጎዳናውን መንገድ ከመነሻው ትዘጋለች።

ለቤተሰብ ውይይት

1. ባለፈው አንድ ዓመት በሰፈራችን አባት ወይም እናት የሞተባቸው ልጆች እነማን ናቸው? ዛሬ የት ይኖራሉ?
2. እኛ ራሳችን ብንሞት ልጆቻችንን ለማን በአደራ ሰጥተናል? ተቀባዩስ ያውቃል?
3. የቤታችን ሰነድ፣ የኪራይ ውላችንና ያለብን ዕዳ ተጽፎ ተቀምጧል?

ሁለተኛው ጥያቄ ሊከብደን ይችላል። ዐብዱል ሙጦሊብ ግን ከመሞታቸው በፊት መልሰውታል፤ የልጅ ልጃቸውም ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት እንጂ ወደ ሜዳ አልወጡም።

አላህ የየቲሞችን አደራ ከሚወጡት ያድርገን፤ ቤት የሌላቸውን ባለቤት፣ ቤት ያላቸውንም እንግዳ ተቀባይ ያድርግልን። አሚን።