በመደወያ ኢንተርኔት ግንኙነት ላይ የሚደርስ እክል የሚገኝበትን ቦታ መለየት፦ የአስኮን የስልክ መስመር መነሻ በማድረግ

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1997 በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለግለሰብ ደንበኛ የነበረው መግቢያ በር የመኖሪያ ቤቱ ስልክ ነበር። ለድምፅ ታስበው የተዘረጉት ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ከ300 እስከ 3400 ኸርትዝ ያለውን ጠባብ የድምፅ ክልል ብቻ ስለሚያስተላልፉ፣ ሞደም የኮምፒውተሩን ዲጂታል መልእክት በዚህ ክልል ውስጥ ወደሚሰማ ድምፅ ለውጦ ይልካል፤ ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣውንም ድምፅ መልሶ ወደ ዲጂታል ይለውጣል። እንግዲህ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ስሕተቱ ከኮምፒውተሩ፣ ከሞደሙ፣ ከቤት ውስጥ ገመድ፣ ከውጭው መስመር ወይም ከአገልግሎት ሰጪው ሊመነጭ ይችላል። ተጠቃሚው ግን የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አልተገናኘም» የሚል መልእክት።

የችግሩ ክብደት በገንዘብ ይገለጻል። የስልክ ሒሳብ መቁጠር የሚጀምረው ወዲያኛው ወገን ጥሪውን ካነሣበት ቅጽበት ስለሆነ፣ ከተነሣ በኋላ የከሸፈ ሙከራ ሁሉ ይከፈልበታል። ከዚህም በላይ የእክሉን ቦታ ሳይለዩ አዲስ ሞደም መግዛት የተለመደ ነው። ይህ ልማድ በአብዛኛው ትክክል አይደለም፤ ምንም ወጪ የማይጠይቁት ፍተሻዎች መቅደም ይኖርባቸዋል።

ከመሀል ከተማ ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ በሚያወጣው መንገድ ላይ የምትገኘውን አስኮን ለአብነት ብንወስድ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ አከራይና ተከራይ በአንድ የስልክ መስመር የሚጠቀሙበት ሁኔታ ቀዳሚውን ፍተሻ ይጠቁማል። ከዋናው ሳሎን ወደ ሰርቪስ ቤት የተቀጠለ ሁለተኛ የስልክ ቀፎ በግንኙነቱ መካከል ቢነሣ፣ የሞደሙ ድምፅ ይዛባል፤ ብዙውን ጊዜም መስመሩ ወዲያው ይለቃል። ስለዚህ ሞደሙ ብቻውን፣ ያለ ማከፋፈያ፣ በአጭር ገመድ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ተያይዞ መሞከር አለበት። በዚህ ሁኔታ ግንኙነቱ ከጸና፣ ጥፋተኛው በቤት ውስጥ የተቀጠለው ሽቦ ወይም ሌላኛው ቀፎ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው መስመሩን በጆሮ መመርመር ነው። ተራ ስልክ በዚያው ሶኬት ላይ ተሰክቶ አንድ አሃዝ ቢደወልበት የመደወያው ድምፅ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ባለው ጸጥታ ውስጥ የሚሰማ ማንሿሿት ወይም መንጫጫት የመስመሩን ጤንነት ይናገራል። በክረምት ወራት ይህ ድምፅ ከበጋው ይልቅ ጎልቶ ከተሰማ፣ ውኃ ወደ ገመድ መገጣጠሚያ መግባቱን መጠርጠር ተገቢ ነው። ሰው በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ያለ ብዙ ችግር ሊነጋገር ይችላል፤ ሞደም ግን አይችልም። «ስልኩ ይሠራል፣ እንግዲያው መስመሩ ደኅና ነው» የሚለው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሞደሙ ራሱ በሚያሰማው ድምፅ ውስጥም ብዙ ማስረጃ አለ፤ ድምፁን ሰልችተው የሚያጠፉት ተጠቃሚዎች ዋናውን የምርመራ መሣሪያ ያጣሉ። በመጀመሪያ የመደወያ ድምፅ፣ ከዚያ የቁጥሮቹ ድምፅ፣ ከዚያ ጥሪ፣ በመጨረሻም በ2100 ኸርትዝ የሚያፏጭ የመልስ ድምፅና ተከታዩ ጩኸት ይሰማል። የመደወያ ድምፁ ካልተሰማ ዊንዶውስ 680 የተባለውን የስሕተት ቁጥር ያሳያል፤ ችግሩም ከሶኬቱ፣ ከገመዱ ወይም ከመስመሩ አይርቅም። ተጠቃሚው በተራ ስልክ ድምፁን እየሰማ ሞደሙ ግን የማይለየው ከሆነ፣ የመደወያ ድምፅን ሳይጠብቅ እንዲደውል ማዘዝ ይቻላል። ፉጨቱና ጩኸቱ በደንብ ተሰምቶ 691 ቁጥር ከመጣ፣ ሞደሙም መስመሩም ሥራቸውን ፈጽመዋል፤ የተሳሳተው የመጠቀሚያ ስም ወይም የይለፍ ቃል ነው። ጥሪው ተሰምቶ ማንም ካላነሣ 678 ይታያል።

በዚህ ረገድ በአዲስ አበባ የተለየ ትኩረት የሚሻ ታሪካዊ ምክንያት አለ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. የአገሪቱ የስልክ ቁጥር አሰጣጥ ሲቀየር የአዲስ አበባ መለያ ከ01 ወደ 011፣ የደንበኛ ቁጥርም ከስድስት ወደ ሰባት አሃዝ ተለውጧል። የቀድሞው ቁጥር ወይም የቀድሞው የአካባቢ መለያ የተቀመጠበት አሮጌ ኮምፒውተር፣ ሞደሙም መስመሩም ደኅና ሆነው ሳለ የተሳሳተ ቦታ ይደውላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሞደሙ የደወለውን ቁጥር በተራ ስልክ ደውሎ መስማት። ፉጨት ከተሰማ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የተቀረጸ የሰው ድምፅ ከተሰማ ግን ሞደሙን መፈታታት አያስፈልግም።

ወደ ኮምፒውተሩ መዝለቅ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በአሮጌ ማሽኖች የመጀመሪያውና ሦስተኛው የኮም በር አንድ የማቋረጫ መስመር፣ ማለትም ቁጥር 4ን ይጋራሉ፤ ሁለተኛውና አራተኛው ደግሞ ቁጥር 3ን። በመጀመሪያው በር ላይ የተሰካ ማውዝ በሦስተኛው በር ላይ ያለውን ሞደም ሊያደናቅፍ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማውዙ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግንኙነቱ የሚቋረጥ ከሆነም የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይኸው ነው። ለውጫዊ ሞደም የበሩ ቺፕ ዓይነትም ይታያል፤ 16550 የተባለው 16 ባይት የሚይዝ ማቆያ ሲኖረው ከእርሱ የቀደመው 16450 አንድ ባይት ብቻ ስለሚይዝ፣ ሥራ የበዛበት ኮምፒውተር የሚመጣውን ፊደል ሳያነሣ ያልፈዋል። ርካሾቹ የውስጥ ሞደሞች ደግሞ አብዛኛውን ስሌት ለኮምፒውተሩ አንጎል ይተዋሉ፤ ደካማ ማሽን ላይ ሲሰኩ ከመስመር እክል የማይለይ መቆራረጥ ያስከትላሉ።

መብረቅም ሳይጠቀስ አይታለፍም። ሞደሙን የሚያቃጥለው ኃይል በኤሌክትሪክ ሶኬቱ ብቻ ሳይሆን በስልክ ሽቦውም ይገባል፤ ስታብላይዘር ከሁለተኛው አይከላከልም። ነጎድጓድ ሲሰማ መነቀል ያለበት ሁለቱም ገመድ ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ ሁለት የተለመዱ አለመግባባቶች አሉ። በመስኮቱ ላይ 115,200 የሚል ቁጥር ሲታይ ይህ በኮምፒውተሩና በሞደሙ መካከል ያለው የበር ፍጥነት እንጂ የስልክ መስመሩ ፍጥነት አይደለም። ሁለተኛው፣ በሣጥኑ ላይ 56 ኪሎቢት የተጻፈበት ሞደም በ33.6 ሲገናኝ እንደ ብልሽት መቆጠሩ ነው። የቪ.90 ደረጃ ከአገልግሎት ሰጪው እስከ ደንበኛው ድምፁ ከዲጂታል ወደ አናሎግ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲለወጥ ይጠይቃል። በመንገዱ ላይ ሌላ ለውጥ ካለ ሞደሙ ወደ ቪ.34 ይወርዳል፤ አንድ ሜጋባይትም በ33.6 ኪሎቢት ለመውረድ ከአራት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ሞደሙን መለወጥ ፍጥነቱን በአንዲት ቢት እንኳ አይጨምርም።